ኢትዮጵያን በጭቃ ሠራናት፦ ከ9ኛ ክፍል ልጆች ጋር ትልቅ ካርታ የሠራንበት መንገድና የተማርኩት

ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አምና ፈተና ላይ "ሐረር ከድሬዳዋ ለምን ትቀዘቅዛለች?" የምትል ጥያቄ አወጣሁ፣ ለክፍሉ ሁሉ ነጥብ የምትሰጥ መስሎኝ ነበር። አብዛኛው ልጅ "ድሬዳዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች" ብሎ ጻፈ። እነዚህ ልጆች እኮ በየበዓሉ ዘመድ ጥየቃ ሐረር የሚሄዱ ናቸው፣ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ጆሯቸው የሚደፈን፣ አናቱ ላይ ሲደርሱ መስኮት ዝጉልን የሚሉ፣ ጃኬት የሚደርቡ። ከፍታ እንደሚያቀዘቅዝ በሰውነታቸው ያውቁታል። ያንን የሚያውቁትን ከደብተሩ ጋር ያገናኘላቸው ሰው ነው የጠፋው፣ ያ ሰው ደግሞ እኔ መሆን ነበረብኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ከዚያ ነው ካርታውን የመሥራት ሐሳብ የመጣው፣ የወረቀት ሳይሆን ተራራው ተራራ ሆኖ ሸለቆው ሸለቆ ሆኖ የሚታይበት፣ ልጅ እጁን የሚሰድበት ካርታ። ከክፍሎቹ ጀርባ ባዶ ቦታ ነበር፣ ጠየቅን፣ ተፈቀደልን። መሥራት ለምትፈልጉ መምህራን ወይም ወላጆች እንዲጠቅም እንዴት እንደሠራነው ከነስህተቱ ልጻፍ።

መጀመሪያ ስኬል ነው። 1 ሳንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ወሰንን፣ እንደዛ ሲሆን ከጋምቤላ ጫፍ እስከ ሶማሌ ክልል ጫፍ ወደ 8 ሜትር፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል። ልጆቹ ደስ አላቸው። ከዛ ከፍታውን ስናሰላ ራስ ደጀን (እኛ ስንማር 4620 ሜትር ነበር የሚባለው፣ አሁን 4550 አካባቢ ነው የሚጻፈው) በዚሁ ስኬል ስንት ይሆናል? 2 ከሩብ ሳንቲ ሜትር። አውራ ጣቴን አሳየኋቸው፣ የሀገራችን ትልቁ ተራራ ከዚህች ጫፍ አይበልጥም፣ 8 ሜትር ካርታ ላይ። አንዱ ልጅ "ቲቸር እና እኛ ስንወጣው የሚያልበን ለምንድነው?" አለኝ። ስለዚህ ከፍታውን ብቻ 10 እጥፍ አሳደግነው፣ 1 ሳንቲ ሜትር 200 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ራስ ደጀን 23 ሳንቲ ሜትር ደረሰ፣ አዲስ አበባ 12፣ ጣና ወደ 9፣ ድሬ 6፣ ጋምቤላ 2 ተኩል፣ ዳሎል ደግሞ ከዜሮ በታች ስለሆነ መሬቱን በማንኪያ ቆፈርን። የትም ብትሠሩት ከፍታውን ማጋነናችሁን ለልጆቹ መንገር አትርሱ፣ አለበለዚያ ሀገሩ እንደ መሰላል የቆመ ይመስላቸዋል።

ቀጥሎ መሬቱ ላይ በሲባጎ ካሬ ካሬ ዘረጋን። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ አደረግሁት፣ ማለትም በየ100 ኪሎ ሜትሩ፣ ሥራ ለመቀነስ ብዬ። በየማዕዘኑ ከፍታውን ከጎግል ኧርዝ እያነበብን የማሽላ አገዳ በልኩ ቆርጠን ተከልን። አገዳ ነፃ ነው፣ ድሬ ላይ ማሽላ አይጠፋም። ተክለን ስንጨርስ ቆመን ብናየው ስምጥ ሸለቆ የለም! ጠፋ! ሸለቆው በብዙ ቦታ ከ100 ኪሎ ሜትር ይጠባል፣ አገዳዎቹ ግራና ቀኝ ደጋው ላይ አርፈው መሃሉን ዘለውታል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ አባያ፣ ጫሞ የሚተኙበት ቦታ ሁሉ ድልዳል ደጋ ሆኖ ቁጭ አለ። ነቅለን በየ25 ሳንቲ ሜትሩ እንደገና ተከልን፣ ከ400 በላይ አገዳ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ግን ያ ሁለት ሳምንት ከሁሉም በላይ ያስተማረ ይመስለኛል፣ አርሲን የተከለ ልጅና ጉራጌን የተከለ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው መሃላቸው ያለው ቁልቁል ሲወርድ በዓይናቸው ነው ያዩት።

ጭቃው ሌላ ታሪክ ነው። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጥተን ከቀይ አፈር ጋር ደባልቀን፣ በባሬላ ተሸክመን፣ በአንድ ቅዳሜ ሰሜኑን መረግን። ሰኞ ስንመጣ ከጎንደር እስከ ደሴ ተሰነጣጥቋል። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዞረው ዞረው አዩትና "ልጄ፣ ጭቃ እንደ ሊጥ ካልቦካ መቼ ይይዛል" አሉኝ። እሳቸው ያደጉት ወሎ ነው፣ የጭቃ ቤት ሲመረግ እየረዱ። በሳቸው ትእዛዝ የጤፍ ጭድ ተገዛ፣ ጭቃው በእግር ተረገጠ፣ በየቀኑ ውሃ እየተጨመረ ስድስት ቀን ቦካ፣ እስኪሸት። ከዛ በኋላ የመረግነው አንድም አልተሰነጠቀ። ከፍ ለሚለው ቦታ ውስጡን ድንጋይ ሙሉት፣ ጭቃው ከላይ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል።

ካርታው ሲደርቅ ወደ ፈተናዋ ጥያቄ ተመለስን። ድሬና ሐረር በካርታችን ላይ ስንዝር አይራራቁም፣ ግን ሐረር 3 ሳንቲ ሜትር ከላይ ተቀምጣለች። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አስሉት አልኩ፣ አሰሉት፣ 4 ዲግሪ ተኩል አካባቢ። በቃ ገባቸው። ያልጠበቅኩት ከዛ የመጣው ነው። አንዷ ልጅ ጣቷን ከጅቡቲ አቅጣጫ እያስጠጋች መጣችና ደንገጎ ግድግዳ ላይ ቆመች፣ "ቲቸር ባቡሩ እዚህ ጋ እንዴት ይወጣል?" አለች። አልወጣማ! ሐዲዱ ወደ ሐረር ነበር የታሰበው፣ ዳገቱ ከበደ፣ ሐረርን ትቶ በሜዳው በኩል አለፈ፣ እና ከግርጌው በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተወለደች። አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ፈጅቷል። ከዚራ ሰፈር በመስመር የተቀየሰችው፣ ለገሃሬ ሰፈር ስሟን ከፈረንሳይኛ ያገኘችው፣ አያቶቻቸው ከጉራጌ ከሸዋ ከሐረር ከሶማሌ መጥተው እዚህ የተገናኙት፣ ሁሉም በዚያች 3 ሳንቲ ሜትር ምክንያት ነው። ታሪክና ጂኦግራፊን በሁለት ክፍለ ጊዜ ለያይቼ ሳስተምር የኖርኩበት ዘመን በጣም ቆጨኝ።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ መጣ፣ ሸራውን ያላለበስነው ቀን። ጠዋት ሮጠን ሄድን። ውሃው የቀረጽነውን የዓባይን ሸለቆ ይዞ ጎጃምን ዞሮ ቀዩን ጭቃ በምዕራብ በኩል ከካርታው አውጥቶ ደፍቶታል፣ ልጆቹ ሳልጠይቃቸው "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" አሉ በአንድ ድምፅ። አዋሽ ግን ከጊንጪ ወርዶ አዳማን አልፎ አፋር ገብቶ እዛው ተኝቷል፣ አቤ ሐይቅ ያደረግነው ጉድጓድ ሞልቶ። አዋሽ ባህር እንደማይደርስ ስንት ዓመት በቃል አስተምሬያለሁ፣ ያን ጠዋት ግን ማንም ሳይነግራቸው አዩት።

ከደንገጎ የወረደው ደግሞ ድሬዳዋን በደለል ቀብሯታል። አንድ ልጅ ዝም ብሎ ቆመ። በኋላ ነው የነገረን፣ በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ እሱ ሳይወለድ አክስቱን ወስዷታል፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት። "እናቴ ሁሌ ከላይ ነው የመጣው ትላለች፣ ከላይ ማለት ሰማይ ይመስለኝ ነበር" አለ። ደጋው ላይ የዘነበው ነው ወርዶ ድሬን የመታት። ያን ቀን ሌላ ትምህርት አላስተማርኩም፣ ልጆቹ ራሳቸው የደንገጎን ተዳፋት ላይ ትንንሽ እርከን መሥራት ጀመሩ፣ ኮንሶዎች እንደሚሠሩት። የኮንሶ እርከን በዩኔስኮ መመዝገቡን ያውቁ ነበር፣ ለምን እንደሚሠራ ግን ያን ዕለት ነው የገባቸው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፣ ብዙ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ80 በላይ ቋንቋ አለ፣ ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሟዊ፣ ናይሎ ሳህራዊ ብለን እንከፍላለን፣ እኔም የየብሔረሰቡን ስም በወረቀት ጽፌ በስፒል በየቦታው እንዲተክሉ አደረግሁ። የወላጆች ቀን አንዲት እናት ወረቀቶቹን እያነበቡ መጡና ሐረር ላይ ቆሙ። ከመጻሕፍት እንደለመድኩት "አደሬ" ብዬ ጽፌያለሁ። በጣም በትህትና "መምህር፣ ይሄ ሌላው ሰው ያወጣልን ስም ነው፣ እኛ ሐረሪ ነን፣ በቋንቋችን ጌይ ኡሱእ፣ የከተማው ሰው" አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ከዛ ወረቀቶቹን ሁሉ ነቀልን። ደንብ አወጣን፦ የማንንም ስም ከራሱ ሰው ሳንጠይቅ አንጽፍም። ድሬ ላይ የማይገኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ልጆቹ ቀፊራ ገበያ ወርደው ከነጋዴው፣ ከሹፌሩ፣ ከወታደሩ፣ ከጎረቤት እየጠየቁ መጡ። ሥራው ዘገየ፣ ግን ትክክል ሆነ።

አፋር ደግሞ ለእኔ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ባዶ ሜዳ ነበር። ዳሎል፣ ኤርታሌ፣ ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር፣ በቃ። አንድ የአፋር አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ካርታውን አዩትና ቁጭ አሉ፣ ጫማቸውን አውልቀው። ውሃ የሚገኝበትን፣ ግመል የሚሰማራበትን፣ ክረምት የሚሸሹበትን በጣታቸው እያሳዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገሩን። ስለ ዳጉ ነገሩን፣ ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ ሳይቸኩል ቁጭ ብሎ የት ዘነበ፣ ሣሩ የት ነው፣ ሰላም ነው ወይ ተባብሎ ወሬውን ተለዋውጦ ነው የሚለያየው፣ የሰማ ሰው ደግሞ አጣርቶ ማድረስ ግዴታው ነው። እኔ ባዶ ያልኩት ቦታ በመንገድ የተሞላ ነበር።

ስፒሎቹን ትተን ክር ያመጣነው ከዛ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ጓዳ አንድ ነገር ከየት እንደመጣ ጠይቆ ይምጣ፣ ከዛ ቦታ እስከ ድሬ ክር ይዘርጋ አልኩ። በርበሬው ከማረቆ፣ ጤፉ ከአድአ፣ ጨው ከአፍዴራ፣ ቆጮው ከጉራጌ፣ የግመል ወተቱ ከሽንሌ፣ ኮረሪማው ከደቡብ ምዕራብ፣ ዕጣኑ የአንዱ ቤት ከመተማ የሌላው ከኦጋዴን። አንድ ሽሮ ለመሥራት ስንት ክር እንደሚያስፈልግ ስንቆጥር አምስት ደረሰ። የጨው ክሩን አሞሌ ጨው በሄደበት ወደ ኋላ ቀጠልነው፣ ከአፋር በግመል ወደ መቀሌ፣ ከዛ ወደ ጎንደር ወደ ጎጃም እስከ ከፋ ድረስ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ፣ ገንዘብ ሆኖ ሰው ሲገበያይበት የኖረበትን። የአድዋውንም ክር ዘረጋን፣ ራስ መኮንን የሐረርን ጦር ይዘው በደጋው በደጋው የሄዱበትን። በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከሐረር አድዋ ከ3 ሜትር ይበልጣል፣ ልጆቹ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ለኩት፣ ሲደክማቸው ቆመው "ይሄን በባዶ እግር?" ተባባሉ።

ክር ስትጠቀሙ በዝናብ የማይበሰብሰውን፣ የናይለኑን ግዙ፣ የኛ የጥጡ በአንድ ወር አለቀ። ልጆቹንም በቡድን ስትከፍሉ የአንድ አካባቢ ልጅ የራሱን አካባቢ አይሥራ፣ የሶማሌው ልጅ ወላይታን፣ የአማራው ልጅ ቦረናን፣ እንደዛ። የኛ የቦረና ቡድን ስለ ገዳ ሥርዓት፣ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ለክፍሉ ሲያስረዳ ከኦሮሞ ልጆቹ አንዱ "አያቴም እንዲህ አላስረዱኝም" ብሏል።

በዚህ ክረምት ሰሜኑን እንደገና እንመርጋለን፣ ዘበኛችን ጭዱን ከወዲሁ አስገዝተዋል። አንድ የቀረን ነገር የባቡሩ ክር ነው፣ ከድሬ ተነስቶ ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ካርታው አለቀበት፣ ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ አንድ አባት አይተው "ባቡር ባህር ሳይደርስ ይቆማል እንዴ?" አሉና አካፋውን ተቀበሉን። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ከአጥሩ በኩል አንድ ሜትር ተኩል ያህል መሬት ጨመርን፣ ጅቡቲን መሠረት አወጣንላት፣ ባህሩ የሚሆነውን ጉድጓድ ልጆቹ ነገ ይጨርሱታል።