ከሲክስዝ ስትሪት እስከ ኪርኒ፦ የፊሊፒኖ ልጆች ግጥም በሳን ፍራንሲስኮ

ቢንድልስቲፍ ስቱዲዮ የሚባለው ቲያትር ቤት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲክስዝ ስትሪት ላይ ነው፣ ሀዋርድ ስትሪት ጋ ሊደረስ ሲል። ያረፍኩት ኦክላንድ ዘመዶቼ ቤት ስለነበር በባርት ባቡር መጥቼ ፓውል ጣቢያ ወረድኩ። ከዚያ በእግር ትንሽ ነው። ሰፈሩ ግን ከባድ ነው። አስፋልት ዳር የሚያድረው ሰው ብዙ ነው፣ አሮጌዎቹ ሆቴሎች ርካሽ ክፍል ያከራያሉ፣ የአክስቴ ልጅም «በዚህ ምሽት እዛ ምን ልትሠራ ነው?» እያለች ነው የሸኘችኝ።

ግጥም ልሰማ ነበር የሄድኩት። የፊሊፒኖ ልጆች፣ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ፣ በቡድን ሆነው ስፖክን ወርድ ያቀርባሉ። ለመድረክ ተጽፎ በቃል የሚባል ግጥም ነው። ከነሱ በፊትም ኤይትዝ ወንደርን የመሳሰሉ የፊሊፒኖ ቡድኖች በዚሁ አካባቢ መድረክ ይዘው ነበር። ሰፈሩም የነሱ ነው፤ ከተማው በ2016 ሶማ ፒሊፒናስ ብሎ የባህል ቀጠና አድርጎታል። ትንሽ ራቅ ብሎ በፊሊፒንስ ጀግኖች ስም ላፑ ላፑ፣ ቦኒፋሲዮ፣ ሪዛል፣ ማቢኒ የሚባሉ ጠባብ መንገዶች አሉ። ላፑ ላፑ በ1521 ማክታን ደሴት ላይ መርከበኛውን ማጄላንን የገጠመው አለቃ ነው፤ ማጄላን እዚያው ነው የሞተው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቲያትር ቤቱ ትንሽ ነው። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሉምፒያ ተደርድሯል፣ ከኛ ሳምቡሳ ብዙም የማይርቅ ጥብስ ነው። ልጆቹ ታላቅ ወንድሙን ኩያ፣ ታላቅ እህቱን አቴ ብለው ይጠራሉ፣ ባይዛመዱም። ማንም በስሙ ብቻ አይጠራም ማለት ይቻላል። ወዲያው ነው ደስ ያለኝ።

ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ሃያ ዓመት ብዙም ያለፋት አትመስልም። ወረቀት አልያዘችም። መድረኩ ላይ ተንበርክካ ጀመረች። ግጥሙ እናቷ ወደ ማኒላ ስለምትልከው ካርቶን ነው፣ ባሊክባያን ቦክስ ይሉታል፤ ሳሎን ጥግ ተቀምጦ ሳሙናው፣ ሎሽኑ፣ ቸኮሌቱ፣ የቆርቆሮ ሥጋው፣ በቅናሽ የተገዛው ጫማ እየተጨመረበት እስኪሞላ ይጠበቃል። ልጅቷ የሌለውን ካርቶን በጉልበቷ ስትጫን፣ ፕላስተሩን በጥርሷ ስትቆርጥ፣ «ይሄ ለአክስቴ፣ ይሄ ለጎረቤት፣ ይሄ አይቼው ለማላውቀው የአጎቴ ልጅ» ስትል አዳራሹ ይስቃል። ከዚያ ድምጿን ሳትቀይር ቀጠለች። እናቷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ካርቶኑ በየዓመቱ ይሄዳል፣ እናቷ ግን ለአያቷ ቀብር እንኳ አልደረሰችም። ሳቁ በአንዴ ቆመ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ «አይ፣ አናክ» ሲሉ ሰማሁ፣ አይ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ሻንጣ ያሸገ ሰው፣ ኪሎ በለጠ ብሎ ሲያወጣና ሲያስገባ ያደረ ሰው፣ ይሄን ግጥም ቋንቋውን ባይችል እንኳ ይረዳዋል።

ለምን ነርስ እንደሚበዛ ያልገባው ካለ፣ ፊሊፒንስ ከ1898 እስከ 1946 በአሜሪካ እጅ ነበረች። የነርስ ትምህርት ቤቶቹን የከፈቱት አሜሪካኖች ናቸው፣ በእንግሊዝኛ አስተማሩ፣ ኋላም ሠራተኛ ሲፈልጉ ከዚያው ወሰዱ።

ከዝግጅቱ በኋላ ከቡድኑ ትልቅ የሆነውን፣ ሁሉም ኩያ የሚሉትን ሰው አወራሁት። ልጆቹ ስላምም ይወዳደራሉ። ስላም ቺካጎ ላይ ማርክ ስሚዝ የተባለ የግንባታ ሠራተኛ የጀመረው የግጥም ውድድር ነው፤ ከ1986 ጀምሮ ግሪን ሚል የሚባለው የጃዝ ክለብ ውስጥ ይካሄዳል። ከተመልካች መሀል አምስት ዳኛ ይመረጣል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፣ ትልቁና ትንሹ ነጥብ ይጣላል፣ የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። ጊዜው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ላይ አሥር ሰከንድ ይታለፋል፣ ካለፈ ነጥብ ይቀነሳል። ሙዚቃ የለም፣ ዕቃ ይዞ መውጣትም የለም። እኔ ነጥቡን አልወደድኩትም። ለአያት ቀብር 8.4 የሚሰጥ ሰው እንዴት እንደሚያስችለው አላውቅም። ሰውየው ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበው። ውድድር ላይ ከሦስቱ ደቂቃ አንዱ ለማስረዳት ይሄዳል አለኝ፤ እኛ ማን ነን፣ ለምን መጣን፣ ማኖንግ ማን ነው። እዚህ ቤት ማንም ያንን አይጠይቅም፣ ስለዚህ ልጆቹ በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባሉ። ይሄ አሳመነኝ። ከዚያ በኋላ የምሽቱን ግጥሞች ሳስባቸው እውነትም አንዱም መግቢያ አልነበረውም።

ማኖንግ እንደኛ ጋሼ ነው። በተለይ ግን በ1920ዎቹና 30ዎቹ ወጣት ሆነው መጥተው ካሊፎርኒያ ስቶክተን አስፓራገስ የሚባል አትክልት የለቀሙትን፣ አላስካ ሳልመን ዓሣ ያሸጉትን ሽማግሌዎች ይጠሩበታል። የካሊፎርኒያ ሕግ እስከ 1948 ነጭ ሴት እንዲያገቡ አይፈቅድላቸውም ነበር፣ ከነሱ ጋር የመጡት የአገራቸው ሴቶች ደግሞ ጥቂት ነበሩ። ብዙዎቹ ብቻቸውን አረጁ። ብዙዎችም ኪርኒ ስትሪት ላይ ኢንተርናሽናል ሆቴል ይኖሩ ነበር። የምሽቱ የመጨረሻ ግጥም ስለዚያ ሆቴል ስለነበር በማግስቱ ቦታውን ላየው ሄድኩ።

ባለቤቶቹ ሕንፃውን ሊያፈርሱት ፈለጉ። ክርክሩ ዓመታት ወሰደ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈጽመው ሸሪፍ ሪቻርድ ሆንጊስቶ መጀመሪያ ተከራዮቹን አላስወጣም ብሎ አምስት ቀን ታሰረ፤ ኋላ ግን ራሱ መዶሻ ይዞ በር ሰበረ። ነሐሴ መጀመሪያ ነበር፣ በ1977፣ ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሦስት ሺህ ያህል ሰው ክንድ ለክንድ ተያይዞ ደጁን ዘጋ። ፖሊስ በፈረስ ጥሶ ገባና ሽማግሌዎቹ ተጎትተው ወጡ። ሕንፃው ፈረሰ፣ መሬቱም ከሃያ ዓመት በላይ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ተቀመጠ። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

በ2005 እዚያው ላይ ለአረጋውያን የሚከራይ ሕንፃ ተሠርቷል፣ ከታችም በድሮው የፊሊፒኖ ሰፈር ስም የተጠራው የማኒላታውን ማዕከል አለ። ግድግዳው ላይ የማኖንጎቹ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባርኔጣ፣ ከረባት፣ የተወለወለ ጫማ። ሙሉ ቀን እርሻ ላይ ሲያጎነብስ የሚውል ሰው እሑድ እንዴት እንደሚለብስ እዩ። ገጣሚው አል ሮብልስ፣ በ2009 ያረፈው፣ እነዚህን ሰዎች ለዓመታት እየተከታተለ፣ አብሯቸው እየበላ ታሪካቸውን በግጥም ጻፈ። ማታ የሰማሁት ልጅም የነሱን ስም እየጠራ ነው የጨረሰው፤ እያንዳንዱ ስም ሲጠራ አዳራሹ ጣቱን ቋ ያደርግ ነበር።

ሳን ፍራንሲስኮ የምትሄዱ ካላችሁ በቀን ኪርኒ ሂዱ፣ ማታ ሲክስዝ ስትሪት። ፎቶዎቹን ካያችሁ በኋላ ግጥሙ ሌላ ነው። ክፍት መድረክ ሲኖር የስም ዝርዝሩ በሩ ላይ ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ማንበብ የሚፈልግ ቀደም ብሎ ይመዝገብ፤ በአማርኛም ይቻላል ብለውኛል።