ንግግሩ ከመጋረጃው ፊት ይሁን

ደብረ ብርሃን ውስጥ የመድረክ ዝግጅት አይቶ የሚያውቅ ሰው ቅደም ተከተሉን በቃሉ ይወጣዋል። ስምንት ሰዓት ተብሎ ዘጠኝ ተኩል ይጀመራል። የክብር እንግዳው ይናገራል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ተነስቶ እንግዳውን ስለ ንግግሩ ያመሰግናል። ሰው ገና እየገባ፣ ወንበር እየተጎተተ፣ አንዷ ምስኪን ግጥሟን ታነባለች። ማን ይሰማታል? ድራማው አልቆ ባንዱ እስኪገባ ደግሞ «ቼክ፣ ቼክ፣ አንድ ሁለት» ነው። ዋናው ዘፋኝ ሲወጣ ብርዱ ግማሹን ታዳሚ ሸኝቶታል።

ስለ ድሮው የአሜሪካ ቮድቪል ሳነብ የገረመኝ ታዲያ ይሄ ነው፤ ሰዎቹ ይሄን ጣጣ ከመቶ ዓመት በፊት ጨርሰውታል።

ቮድቪል ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ አክሮባቱ፣ ምትሃተኛው፣ ውሻ አሰልጣኙ ሁሉ በየተራ የሚወጣበት መድረክ ነው። ቶኒ ፓስተር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 ኒውዮርክ ላይ ቤተሰብ ይዞ የሚገባበት፣ ብልግና የሌለበት ዝግጅት ጀመረ። በ1885 ደግሞ ቢ. ኤፍ. ኪት ቦስተን ላይ ትርኢቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቋረጥ እንዲዞር አደረገ። የኪት ሰዎች መድረክ ላይ የማይባሉ ቃላትን ከመድረኩ ጀርባ ይለጥፉ ነበር፤ የተናገረ ይባረራል።

በኋላ ላይ በተለመደው አሠራር አንድ ዝግጅት ስምንት ዘጠኝ ትርኢት አለው፣ እያንዳንዱ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ። መጀመሪያ የሚወጣው የማይናገር ሰው ነው፦ አክሮባት፣ ብስክሌት ላይ የሚገለባበጥ፣ የሰለጠነ እንስሳ የያዘ። ሰው ወንበሩን እየፈለገ ስለሆነ የሚያመልጠው ቃል የለም። ሁለተኛው ከመጋረጃው ፊት ቆሞ ይዘፍናል፣ ከጀርባው የድራማው ዕቃ ይደረደራል። አንዱ ሰፊ መድረክ ከያዘ ቀጣዩ ጠባቡ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ባዶ ደቂቃ የለም። (የኛም የክብር እንግዳ ከመጋረጃው ፊት ቢናገር፣ ባንዱ ከኋላ ገመዱን ቢቀጥል ማን ተጎዳ?) ትልቁ ኮከብ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ቦታ ይይዛል። መጨረሻ ላይ እንደገና ለዓይን የሚሆን ነገር ይመጣል፣ ቸኩሎ የሚወጣ ሰው ቢረብሽም የሚያበላሸው ቀልድ የለም።

የመንዝ ሠርግ ላይ ያለ አዝማሪ ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም። ፊት አይቶ ይቀይራል፣ «ተቀበል» ሲሉት ይቀበላል። የቮድቪል ሰው ግን ያችኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ይዞ ከከተማ ከተማ በባቡር ይዞራል፣ ለዓመታት። ስለዚህ እያንዳንዷ እርምጃ ተሞርዳ ተሞርዳ ያለቀች ነበረች።

ከቮድቪል ሰዎች ሁሉ ቀልደኛውን ባስተር ኪተንን ነው የምወደው። ከእናት አባቱ ጋር «ሦስቱ ኪተኖች» ተብለው ሲሠሩ፣ የአባትዬው ሥራ ልጁን መድረክ ላይ ማሽቀንጠር ነበር። ለመወርወር እንዲመች ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ሰፍተውለታል! የሕፃናት ጠባቂ ማኅበሮች ቢያሳድዷቸው አይገርምም፤ እኔም ብሆን ፖሊስ እጠራ ነበር። ልጁ ግን ወድቆ ሲነሳ ካልሳቀ ሕዝቡ የበለጠ እንደሚስቅ ገባው። ያ የማይፈታ ፊት እስከ መጨረሻው አብሮት ቆየ።

የዚህ መድረክ አስቀያሚ ገጽም አለ። በርት ዊሊያምስ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ቀልደኞች አንዱ ነው። ጥቁር ነው፣ ግን ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁር የሚመስሉበትን ወግ ተከትሎ የራሱን ፊት በጥቁር ቀለም እየቀባ ነበር የሚወጣው። ይሄን ሳነብ ሳቁ ሁሉ ጎረበጠኝ።

ቮድቪልን የገደለው ሲኒማ ነው። የሚያስቀው በ1896 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የሙዚቃ አዳራሽ ላይ ከሌሎቹ ትርኢቶች መሀል እንደ አንዱ ሆኖ ነው የገባው። ለዓመታት ያዞሩት ቀልድ አንዴ ከተቀረፀ አገር ሁሉ አየው ማለት ነው። በ1913 የተከፈተው የኒውዮርኩ ፓላስ ቲያትር፣ እያንዳንዱ አርቲስት አንድ ቀን ልቆምበት ብሎ የሚመኘው ቤት፣ በ1932 ወደ ፊልም ዞረ።

ኪተን ቀድሞ ነቅቶ በ1917 ፊልም ውስጥ ገብቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ሥራዎቹ ዩቲዩብ ላይ ሞልተዋል። ድምፅ ስለሌላቸው ትርጉም አይፈልጉም፣ ልጅም አያትም እኩል ይስቃል። ዳታ ካላችሁ ግቡና እዩ።