ፌስቡክ 38 ዶላር ያወጣ ነበር?

ፌስቡክ አክሲዮኑን ለሕዝብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 ነው፣ አንዱን በ38 ዶላር። በዚህ ሂሳብ ኩባንያው በጠቅላላ 104 ቢሊዮን ዶላር ተተመነ። እዚህ ቨርጂኒያ ቡና ላይ ሳይቀር ወሬው እሱ ነበር። ጓደኛዬ «ዓለም በሙሉ ፌስቡክ ላይ ነው፣ ምን ታስባለህ፣ ግዛ እንጂ» ብሎ ያዘኝ፤ ራሱም በመጀመሪያው ቀን ገዛ። እኔ ተወዷል ባይ ነበርኩ። ግን ከምን አንጻር ነው የተወደደው? ይህን ሳይመልሱ መከራከር ጉንጭ ማልፋት ነው።

ኩባንያው ከሽያጩ በፊት ያስገባው ሰነድ ለማንም ክፍት ስለሆነ አውጥቼ አነበብኩት። የ2011 ገቢው 3.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ትርፉ 1 ቢሊዮን። በዓመት አንድ ብር የሚያተርፍ ሱቅ በ104 ብር እንደመግዛት ማለት ነው። ትርፉ ካላደገ ገንዘብህ እስኪመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ትጠብቃለህ። ጓደኛዬ «ያድጋላ!» አለኝ። እሺ፣ በምን?

መልሱ ያለው ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው ክፍል ውስጥ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ስጋቶቹን የሚዘረዝርበት። ተጠቃሚው 900 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል፣ ከግማሽ በላዩ በስልክ ይገባል፣ ከስልክ ግን ይህ ነው የሚባል ገቢ እንደማያገኝ በግልጽ ጽፎታል። እዚህ ላይ ቆምኩ። ሰዉ ወደ ስልክ እየሄደ፣ ገንዘቡ በኮምፒዩተር በኩል እየመጣ፣ የትርፉን መቶ እጥፍ መክፈል አልዋጥልኝ አለ። ስለዚህ አልገዛሁም፤ ከስልክ የሚመጣውን ገቢ ግን በየሩብ ዓመቱ ለማየት ወሰንኩ። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ቁጥር እሱ ብቻ ነበር።

ሴፕቴምበር ላይ አክሲዮኑ ከ18 ዶላር በታች ወረደ። ጓደኛዬ አበቃለት አለ። ዋጋው ስለረከሰ ብቻ ግን ዘልዬ አልገባሁም። ኦክቶበር ላይ በወጣው ሪፖርት ከማስታወቂያ ገቢው 14 በመቶው ከስልክ መጣ። ከምንም ተነስቶ፣ በጥቂት ወራት! ያኔ ነው የገዛሁት፣ አቅሜ በፈቀደው።

በ2013 ሁለተኛው ሩብ ዓመት ከማስታወቂያ ገቢው የስልኩ ድርሻ 41 በመቶ ገባ፤ አክሲዮኑም ወዲያው 38ን ተሻገረ። ጓደኛዬ ያወጣውን ብር እንዳገኘ ሸጦ ተገላገለ፤ ወራቱን ሙሉ ሲያየው የኖረው ዋጋውን ነበርና አልፈርድበትም። እኔ አልሸጥኩም። የስልኩ ገቢ ገና እያደገ ነበር።