የጉድጓዱ የላይኛው ሦስት ሜትር

ጅማ ላይ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ይገኝ እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት ግን ከተማችን ውስጥ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚዘንብበትና የበልጉ ዝናብ ከክረምቱ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ በተለይም በአዌቱ ወንዝ ዳርና ወደ ቦዬ ረግረግ በሚያዘቀዝቀው መሬት ላይ፣ ውሃው ከእግራችን ሥር ሩቅ አይደለም። ቅርብ መሆኑ ደግሞ ራሱ ችግር ያመጣል፤ ለእኛ የቀረበ ውሃ ለሽንት ቤቱ ጉድጓድ፣ ለከብቱ በረትና ለመንገዱ ጎርፍም የቀረበ ነውና። ስለዚህ «ገንዘቤን የት ላይ ላውል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ ከዲናሞውና ከሮቶው በፊት ለጉድጓዱ የላይኛው ሦስት ሜትር።

ከዚያም በፊት ግን ቦታው አለ። ጉድጓዱ ከማንኛውም ሽንት ቤትና ሴፕቲክ ታንክ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ በመሬቱ አቀማመጥም ከእነዚህ በላይ እንጂ በታች መሆን የለበትም። ይህ ሲባል የራስን ሽንት ቤት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤትም ይቆጠራል፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ሽንት ቤት ከራሳችን ይልቅ ለጉድጓዱ ሊቀርብ ይችላልና። በጠባብ ግቢ ውስጥ 30 ሜትር ማግኘት እንደማይቻል አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ግቢ የሚቆፈር ጉድጓድ ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ ለመጠጥ ግን የቧንቧ ውሃን መጠቀም ወይም የጉድጓዱን ማፍላት ግድ ነው፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለቤተሰቡ ሁሉ ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። ፈቃድን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ የውሃ ፈቃድ አይጠይቅም፤ በማሽን የሚቆፈር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል።

ቁፋሮው የሚሻለው የካቲት ላይ፣ ወይም ዝናቡ ሳይጀምር በመጋቢት መግቢያ ነው። ውሃው በዚያን ጊዜ ከምንጊዜውም በላይ ወደ ታች ስለሚርቅ፣ ያን ጊዜ ውሃ የሰጠ ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣል። በነሐሴ የተቆፈረ ጉድጓድ ቶሎ ውሃ ያሳያል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ በበጋው ግን ይደርቃል። የእኛን ጉድጓድ የቆፈሩት ሽማግሌ ከጉድጓዱ ከወጣው ቀይ አፈር ጭብጥ ያህል አንስተው፣ በጥቂት ውሃ አርሰው በመዳፋቸው መካከል እንደ ገመድ ሲያድቦለቡሉት ቆሜ አይቻለሁ። አፈሩ ሳይሰነጠቅ ረዘመ። «ልጄ፣ ይህን አፈር እንዳትጥይው፤ ለብቻው ቆልዪው። በኋላ ከሲሚንቶ ይልቅ የሚጠቅምሽ ይሄ ነው» አሉኝ። ከላይኛው የጠቆረ አፈር ለይተን ያስቀመጥነው ይህ ቀይ ጭቃ በኋላ የጉድጓዱ ግድግዳ በተሸፈነባቸው የሲሚንቶ ቀለበቶች ዙሪያ ተጠቀጠቀ።

ቁፋሮን ካነሳሁ ዘንድ ስለ ሰው ሕይወት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሊጠራቀም ይችላል፤ ሽታ ስለሌለው የወረደው ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል። አንዱን ለማውጣት ሌላው ይወርድና ሁለቱም ይቀራሉ። ጠዋት ጠዋት ከመውረድ በፊት ሻማ በባልዲ ማውረድና ከጠፋ ፈጽሞ አለመውረድ የቆየ ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን ሻማው የካርቦን ሞኖክሳይድን መኖር አይናገርም። ስለዚህ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ማውረድም ሆነ አፉ ላይ ማስነሳት መቼም መደረግ የለበትም። ቆፋሪው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት፣ ከላይ ሁልጊዜ ጎትቶ የሚያወጣው ሰው ሊኖር ይገባል። ይህን የማያሟላ ቆፋሪ በርካሽ ዋጋ ቢመጣም እንኳ ሥራውን መስጠት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ቀለበት ሲሸፈን ሁሉም ቀለበት አንድ ዓይነት ሥራ የለውም። ውሃው ያለበት የታችኛው ክፍል ውሃ እንዲያስገባ የተበሳሳ ቀለበት ይገባዋል፤ ከጀርባው ጠጠር፣ ወለሉም ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የሚሆን የታጠበ ጠጠር ይደረግለታል። የላይኛው ሦስት ሜትር ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ ምንም ነገር ማስገባት የለበትም። የቀለበቶቹ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ በቀለበቱና በተቆፈረው አፈር መካከል የሚቀረው ክፍተት በቀይ ጭቃው ወይም በኮንክሪት ንብርብር በንብርብር እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ይህ ክፍተት ከቁፋሮው በተረፈ ልል አፈርና ስብርባሪ ድንጋይ መሞላቱ ነው። ከላይ ሲታይ አያስታውቅም፤ ክረምት ሲገባ ግን የግቢው ጎርፍ በዚያ ልል አፈር ውስጥ በቀለበቱ ጀርባ ተንቆርቁሮ፣ በመሬት ውስጥ ሳይጣራ በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ከከባድ ዝናብ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚደፈርስ ጉድጓድ ካላችሁ ምክንያቱን መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። በረኪና ቢጨመርበት ለጊዜው ይሻለው ይሆናል እንጂ በሽታው አልታከመም።

ከመሬት በላይ ደግሞ አፉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ዙሪያው ከአንድ ሜትር ባላነሰ ስፋት በኮንክሪት ተነጥፎ ወደ ውጭ ማዘቅዘቅና የፈሰሰውን ውሃ የሚያርቅ ቦይ ሊኖረው ይገባል። ክዳኑ የሚቆለፍ ቢሆን ለሕፃናትም ለውሃውም ደግ ነው። ባልዲና ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ገመዱን ልብ ብላችሁ እዩት። ተቀድቶ ሲያበቃ መሬት ላይ ይጣላል፤ ዶሮዎች ይረግጡታል፤ ሕፃን ይጎትተዋል፤ ቀጥሎ ያው ገመድ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይነከራል። ዲናሞ ለማስገባት ከሚገፋፉኝ ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው፤ ድካም መቀነሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዲናሞ ከመግዛት በፊት ግን ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚሰጥ መለካት ይገባል። ስፋቱ አንድ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል 78 ሊትር ያህል ገብቷል ማለት ነው። ውሃውን ዝቅ አድርጎ ቀድቶ፣ ምልክት በተደረገበት ገመድ በየግማሽ ሰዓቱ መለካት በቂ ነው። በግማሽ ሰዓት 10 ሳንቲ ሜትር የሚመልስ ጉድጓድ በሰዓት ከ150 ሊትር በላይ ይሰጣል፤ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ የሚስብ ትልቅ ዲናሞ ግን አይሸከምም።

እዚህ ላይ ለጅማ ሰው በተለይ የሚጠቅም ነገር አለ። ከላይ የሚቀመጠው ዲናሞ ውሃውን የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ያህል ሊያወጣ ይችላል፤ ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ጣሪያው ወደ 8.4 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የቧንቧው ፍትጊያና ሌላው ብክነት ሲቀነስ፣ በተግባር ከ6 ሜትር በላይ ይስባል ብሎ መተማመን አይቻልም። ካርቶኑ ላይ 9 ሜትር የሚል ቢጻፍም ያ ቁጥር ለእኛ ከፍታ አይሠራም። የጉድጓዱ ውሃ በበጋ ከ6 ሜትር በታች የሚወርድ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚገባውን ሰመርሲብል መግዛት ይሻላል፤ እርሱ አይስብም፣ ይገፋል። ሲሰቀል ከወለሉ ደለል እንዳይስብ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የሚንጠለጠለውም በናይለን ገመድ እንጂ በኤሌክትሪክ ገመዱ መሆን የለበትም። የውሃው መጠን ሲወርድ ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ብሬከርና ኧርዝ ሳይገጠሙለት ሥራ መጀመር የለበትም።

ከላይ የተቀመጠ ዲናሞ እየጮኸ ውሃ አልሰጥ ሲል ደግሞ አጥፍቶ በመሳቢያው ቧንቧ በኩል መፈተሽ ነው፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ወይ ታች ያለው፣ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጋው ፉት ቫልቭ ቆሻሻ ነክሶ አልዘጋ ብሎ፣ ወይ መጋጠሚያው አየር እያስገባ ነው። ይህ ቧንቧ ሲሸነቆር ውሃ ስለማያንጠባጥብ በዓይን አይገኝም።

ሮቶውን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። እያንዳንዱ የከፍታ ሜትር 0.1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ መቆሚያው ሙሉ ሮቶ መሸከም አለበት፤ በየስድስት ወሩ ታጥቦ ክዳኑ በሚገባ ይዘጋ።

ጉድጓዱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ እንዲሁም ሰው ወርዶ ባጸዳው ወይም ጎርፍ በገባበት ቁጥር በክሎሪን መታጠብ አለበት። ሦስት ሜትር ውሃ የያዘ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ወደ 2,350 ሊትር ይይዛል፤ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ከሆነ 4.7 ሊትር ያህል ይበቃዋል። በባልዲ ውሃ በርዞ ግድግዳውን እያዳረሱ ማፍሰስ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍቶ መዝጋት፣ ቢያንስ 12 ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያም ሽታው እስኪጠፋ ወደ ውጭ ማፍሰስ ነው። ይህ ውሃ አትክልት ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አይለቀቅም። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ የሚመርዝ ጋዝ ስለሚያወጣ እጅግ አደገኛ ነው።

ከታጠበ ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሃው በላቦራቶሪ ይመርመር፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም። ምርመራው ክረምት ላይ ቢደገም ይመረጣል፤ የላይኛው ሦስት ሜትር የሚፈተነው ያኔ ነውና። እስከዚያ ድረስ ማፍላት አስተማማኝ ነው። ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ ተንተክትኮ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ ጀርሞቹን ይገድላል። ሲቀዳ ጥርት ብሎ አድሮ ቡናማ የሚሆን፣ ሻይ የሚያጠቁር ውሃ ግን ብረት የበዛበት ነው፤ ይህን ማፍላትም ሆነ በረኪና አያስወግደውም። አየር እንዲያገኝ ከከፍታ አፍስሶ፣ አሳድሮና በአሸዋ አጥልሎ መጠቀም ይቻላል።

አዲሱ ጉድጓድ ሥራ ሲጀምር አሮጌው ብዙ ጊዜ የቆሻሻ መጣያ ይሆናል። ሁለቱም የሚጠጡት ከአንድ ውሃ ስለሆነ ወደ አሮጌው የተጣለው ሁሉ ወደ አዲሱ ይደርሳል። የተተወ ጉድጓድ መጀመሪያ ውስጡ ያለው ቆሻሻ ወጥቶ በክሎሪን ይታጠባል፤ ውሃ እስካለበት ድረስ በንጹሕ ጠጠርና አሸዋ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ እየተጠቀጠቀ በቀይ ጭቃ ይደፈናል። ጎረቤትም የተተወ ጉድጓድ ካለው ጭቃውን በጋራ አስጭኖ፣ የጉልበቱንም ወጪ ተካፍሎ ሁለቱን በአንድ ላይ መድፈን ይቻላል፤ እኛም ያደረግነው እንዲሁ ነው።