«ገባሽ?» አትበሏት፣ «አሳዪኝ» በሏት

አውስትራሊያ ውስጥ «ኤርክራፍት ኢንጂነር» ሲባል ሁለት የተለያየ ሙያ አለ። አንደኛዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኤሮስፔስ ምህንድስና አራት ዓመት የተማረች ናት። ሌላዋ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ ቱታ ለብሳ ሞተር ትፈታለች፤ ላይሰንሷን (የሙያ ፈቃዷን) ስትይዝ ደግሞ አውሮፕላኑ ወደ በረራ እንዲመለስ ትፈርማለች። ስለ አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) ሴቶችና ስለ አቪየሽን ሲወራ ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ ለልጆቹ የሚሰጠው ምክርም እዚያው ላይ ይበላሻል።

ከአቦርጂናል ሕዝቦች አንዱ የሆነው የታራዋል ተወላጇ ሬኔ ዉተን በኤሮስፔስ ኢንጂነርነት ኳንታስ በሚባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ ውስጥ ሠርታለች፤ ነባር ሕዝቦች ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡም በአደባባይ ትናገራለች። ፎቶዋን የክፍል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ደስ ይላል። ግን ከፎቶው ሥር የሒሳቡ ነገር ካልተጻፈ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ተማሪ ወደ 11ኛ ክፍል ስትገባ ከቀላሉ «ስታንዳርድ» ሒሳብና ከከበድ ካለው «አድቫንስድ» ትመርጣለች። ምህንድስና የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ከከተማ በራቁ ትምህርት ቤቶች አድቫንስድ የሚያስተምር ሰው ላይኖር ይችላል፤ ያኔ በርቀት ትምህርት መመዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወሬው 10ኛ ክፍል ላይ፣ ምርጫው ሳይዘጋ መጀመር አለበት። 12ኛ ክፍል ላይ መጥቶ «መሐንዲስ መሆን ትችያለሽ» ማለት አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ትኬት እንደመሸጥ ነው።

የሃንጋሩ መንገድ ሌላ ነው። ተለማማጅነቱ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይወስዳል፤ እየተማሩ ደመወዝ ይከፈላል፣ ለነባር ሕዝቦች ተማሪዎችና ተለማማጆች ደግሞ አብስተዲ የሚባል የመንግሥት ድጎማ አለ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ተለማማጅነቱ ሲያልቅ ነገሩ ያለቀ ስለሚመስላቸው ነው። የሙያ ሰርተፍኬቱ መሥራት ያስችላል እንጂ መፈረም አያስችልም። ለመፈረም ፓርት 66 በሚባለው የአቪየሽን ደንብ የሚሰጥ ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ለሞተርና ለአካል ቢ1፣ ለኤሌክትሪክና ለአቪዮኒክስ (ለአውሮፕላኑ ኤሌክትሮኒክስ) ቢ2። ለትልልቅ አውሮፕላኖች በዚያ ላይ የየዓይነቱ ሥልጠና ይጨመራል።

ላይሰንሱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ማስረጃው ደግሞ በየዕለቱ ካልተጻፈ ይጠፋል። ቀን፣ የአውሮፕላኑ ምዝገባ፣ ሥራው በጥገና መመሪያው ያለበት ምዕራፍ ቁጥር (29 ሃይድሮሊክ፣ 32 ማረፊያ ጎማ)፣ የተሠራው ነገር፣ የተቆጣጣሪው ፊርማ። ሦስት ዓመት አጠራቅሞ «በኋላ እሞላዋለሁ» ያለ ሰው ሊያስፈርም ሲሄድ ተቆጣጣሪው ሥራ ለቅቆ፣ ወይም ሌላ ከተማ ሄዶ ያገኘዋል።

ልጆችን ወደ ሙያው ለመሳብ የሚዘጋጁ ቀናት ላይ አብዛኛው ሰዓት በንግግር ያልቃል። ንግግሩን አሳጥራችሁ ቡሎን በንዝረት እንዳይላላ የሚታሰርበትን ሽቦ ስጧቸው። ጭንቅላታቸው የተበሳ ሁለት ቡሎኖች፣ 0.8 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦና ፒንሳ ይበቃል። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በልካቸው ይጠበቃሉ። ሽቦው በአንደኛው ቀዳዳ ያልፋል፣ አንዱ ጫፍ ጭንቅላቱን ዞሮ ከሌላው ጋር ይገመዳል፤ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ6 እስከ 8 ዙር። ሁለተኛው ቡሎን ጋ ሲደርስ አንዱ ጫፍ በቀዳዳው ያልፋል፣ ከ3 እስከ 6 ዙር ጭራ ይወጣለታል፣ ጭራው እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሽቦው ቡሎኑን ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ መሳብ ሲገባው ወደሚላላበት ይጠመዘዛል፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሥራው ግን ከንቱ ነው። ግመዳው ሲበዛ ሽቦው ይሰባበራል። ፒንሳው ከጨመቀው ጠባሳ ይቀራል፣ በንዝረት የሚበጠሰውም እዚያ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ አልገጥም ሲሉ ቡሎኑን ላላ አድርጎ ማስተካከል ትልቁ ጥፋት ነው፤ ቀለበቱን ወይም ቡሎኑን መቀየር ይገባል። አንዴ የታሰረ ሽቦም ተፈትቶ ዳግም አይታሰርም።

አሁን ወደ ርዕሱ። ተለማማጇ ሁለተኛውን ቡሎን ስትጀምር ተቆጣጣሪው «ገባሽ?» ይላታል። «አዎ» ትላለች። የቋንቋ ተመራማሪዋ ዳያና ኢድስ የአቦርጂናል እንግሊዝኛን በፍርድ ቤት አጥንታ ያሳየችው ይህንን ነው፦ ጠያቂው ባለሥልጣን ሲሆን «አዎ» ብዙ ጊዜ ነገሩን ማመን ወይም መረዳት አይደለም፣ ጨዋታውን በሰላም ማለፍ ነው። ዝምታም እንዲሁ ብዙ ጊዜ አለማወቅ አይደለም፣ ማሰብ ነው። «እሺ» እየተባለ ያደገ ሐበሻ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

መፍትሔው አዎ ወይም አይ የሚያስብል ጥያቄን መተው ነው። «ሽቦው ቡሎኑን ወዴት እየሳበው ነው? በጣትሽ አሳዪኝ» በሏት። ከዚያ ጸጥ በሉ፤ አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ። ጸጥታውን የሚሞላው ተቆጣጣሪው ከሆነ መልሱን ሳያገኝ ይቀራል።

ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1990 የእንግሊዝ አየር መንገድ በረራ 5390 የፊት መስታወቱ አየር ላይ ተነቅሎ ካፒቴኑ ወገቡ ድረስ ወደ ውጭ ተስቦ ነበር፤ ተረፈ። መስታወቱን ከያዙት 90 ቡሎኖች 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው ያነሰ ነበር። የገጠማቸው ሰው ልምድ ያለው ነው፤ አዲሱን ቡሎን ከአሮጌው ጋር በዓይኑ አመሳስሎ ነበር የመረጠው። በዓይን ልክ የመሰለውን «ቁጥሩን አሳየኝ» የሚል ሰው በዚያ ሌሊት ቢኖር ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ሃንጋር ውስጥ እንደዚህ መጠየቅ የሚችል ተለማማጅ ማፍራት ደኅንነት ነው።

ሴቶቹ ሥራውን ከሚለቁባቸው ምክንያቶች አንዳንዶቹ በጣም ተራ ናቸው። ጓንቱ ለትልቅ እጅ የተሰፋ ነው፤ ትንሽ ዳዶ አያስይዝም። ከከፍታ እንዳይወድቁ የሚታሰረው ቀበቶ ትከሻ ላይ አይቆምም። ልክ መግዛት ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም። የለቅሶው ግን ይከብዳል፦ በአቦርጂናል ቤተሰብ ሐዘን ቀናት ይወስዳል፣ «የቅርብ ዘመድ» የሚለውም ከፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ሳጥን ይሰፋል። የፈረቃው መርሐ ግብርና የፈተናው ቀን እንዲዛወር ቀድሞ ያልተስማማ ድርጅት በመጀመሪያው ቀብር ላይ ልጅቷን ያጣታል።

በየዝግጅቱ ዴቪድ ዩናይፖን ይነሳል፣ ይገባዋልም፤ በአውስትራሊያ የ50 ዶላር ኖት ላይ ያለው፣ ንጋሪንጄሪ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ የተወለደው ሰው በ1909 ለበግ መሸለቻ መሣሪያ ማሻሻያ ሠርቷል፣ ቡመራንግን አይቶም ስለ ሄሊኮፕተር አስቀድሞ ተናግሯል። የማይነገረው ግን ሐሳቦቹን በፓተንት ለማስጠበቅ ገንዘብ ስላነሰው ብዙም አለመጠቀሙ ነው። ተለማማጇንም የሚያስቀራት ገንዘብ ሊሆን ይችላል፦ የላይሰንስ ፈተና ማለፊያው 75 ከመቶ ነው፣ ሞጁሎቹም ብዙ ናቸው፣ ወድቆ መድገም የተለመደ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ማን እንደሚከፍል፣ የድጋሚውንስ፣ ከተማ ሄዶ ለመፈተን የሚያስፈልገውን አልጋ ማን እንደሚችል ከመቅጠር በፊት ውሉ ላይ ይጻፍ።