ጨውም አብሮ ይተናል?

በእንግዳ መቀበያችን ያለው አኳሪየም በንብረት መዝገብ ላይ በእኔ ስም ነው ያለው። ገንዳው፣ ፓምፑ፣ ማሞቂያውና መብራቱ ቋሚ ንብረት ተብለው ተመዘገቡ። ዓሦቹ ላይ ክርክር ተነሣ። የፋይናንስ ኃላፊው «የሚሞት ነገር ሁሉ አላቂ ዕቃ ነው» ብሎ ዘጋው። በዚህ አያያዙ እሱም እኔም በየትኛው መዝገብ እንደምንገባ ልጠይቀው ብዬ ተውኩት።

ሥራው እንዴት እኔ ላይ እንደወደቀ ልንገራችሁ። ስብሰባ ላይ «የጨው ውሃ ከሆነ መጀመሪያ ባክቴሪያው መልመድ አለበት» አልኩ። በቃ፣ ባለሙያ ሆንኩ። ነገሩን ያነበብኩት ግን የዚያኑ ዕለት ዋዜማ ማታ ነው።

መጀመሪያው ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዝ ነበርኩ። ውሃውን ከቧንቧ አልቀዳሁም። ክሎሪንም፣ መዳብም፣ አልጌ የሚቀልብ ፎስፌትም ይዞ ሊመጣ ይችላል። በማጣሪያ ማሽን የወጣ ንጹሕ ውሃ አስመጣሁ። በሊትር ወደ 35 ግራም የባሕር ጨው ድብልቅ ጨመርኩ። ገንዳው ድንጋዩና አሸዋው ገብተውበት 60 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ጨው ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ጥቂት አሞኒያ፣ ማለትም ዓሣ ከቆሻሻው ጋር የሚያወጣውን መርዝ፣ እያንጠባጠብኩ ባክቴሪያውን መቀለብ ጀመርኩ። አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ሌላው ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት። ሁለቱ ተባዝተው እስኪበቁ አምስት ሳምንት ፈጀ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ሥራ አስኪያጁ ድንጋይና ውሃ ሲያይ ከረመ። እንግዶች «ዓሦቹ ተደብቀው ነው?» ይላሉ። እሱ እኔን ያየኛል። ያሰብኳቸው ዓሦች፣ ክላውንፊሽ የሚባሉት ብርቱካንማዎቹ ባለ ነጭ መስመሮች፣ ሳይገቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ብሉ ታንግ የሚባለውን ሰማያዊ ዓሣ አማረው። ያ ዓሣ አድጎ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የእኛ ገንዳ ርዝመቱ 60 ነው። «ለመዞር ፈቃድ ሊጠይቅ ነው» አልኩት። ሳቀ። በዚህም ረታሁ። ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሾችና አምስት ቀንድ አውጣዎች ገቡ። አንድም አልሞተም። ያን ሰሞን ኮሪደር ላይ አረማመዴም ሳይለወጥ አልቀረም።

ከዚያ የንብረት ቆጠራ ደረሰ። ለአንድ ወር ቀና ማለት አልችልም። ስለዚህ መመሪያ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። ፈረምኩበት፣ ማኅተም አስመታሁበት፣ በፕላስቲክ አሽጌ ጠረጴዛው እግር ላይ ለጠፍኩት። ዓሦቹን መመገቡንና ውሃ መሙላቱን በየጠዋቱ ቀድመውን ለሚገቡት ለጽዳት ሠራተኛችን ሰጠሁ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። እሳቸው እኔን «አንተ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ሻይ ሳልጠጣ ካዩኝ ይቆጡኛል። እዚህ ላይ «ነበር» ማለቴን ልብ በሉልኝ።

መመሪያውን ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። እኔ ካስተላለፍኳቸው ወረቀቶች ሁሉ እስከ መጨረሻው የተነበበው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ተራ ቁጥር 4 ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «ውሃው ከመስመሩ በታች ሲወርድ ከሰማያዊው በርሜል በተዘጋጀ ጨዋማ ውሃ ይሞላ» ይላል። ሰማያዊው በርሜል ጨው የተበጠበጠበት ነው። ነጩ ንጹሕ ውሃ ነው።

«ይሄ ውሃ የት እየሄደ ነው የሚጎድለው?» አሉኝ።

«እየተነነ ነዋ፣ እትዬ።»

ዓሦቹ ሲገቡ አየር እንዲያገኙ ብዬ የመስታወት ክዳኑን አንስቼ በመረብ ተክቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይጎድላል።

«ጨውስ?»

«ጨው ምን ሆነ?»

«ጨውም አብሮ ይተናል?»

አሁን ሳስበው አፌን ዘግቼ አንድ ደቂቃ ማሰብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን መልስ ነበረኝ። ማስረጃም ነበረኝ። የመረቡ ጠርዝ ላይ፣ መብራቱም ሥር፣ ነጭ ቅርፊት ጋግሮ ነበር። ጣቴን ቀሰርኩ። «ይኸው! እየወጣ አይደል?»

እትዬ ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ፈገፈጉት። «ይሄማ ፓምፑ ሲረጭ ደርቆ ነው። በየጠዋቱ የምወለውለው እኔ አይደለሁ? ተሰብስቦ አንድ ማንኪያ አይሞላም። ድስት እሳት ላይ ተረስቶ ውሃው ሲመጥ፣ ጨው ይበዛበታል እንጂ ያንስበታል እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

አጠገባችን የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ነበረች። ሁለት ባለጉዳዮችም ተቀምጠዋል። ፈገግ ሲሉ አየሁ። ይሄ ሰበብ አይሆንም፤ ግን እውነት ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ድስት አይደለም። ሳይንስ ነው። መመሪያው ላይ ያለውን ብቻ ያድርጉ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እሺ፣ እንዳሉ» አሉኝ።

እንዳልክ አላሉም። እንዳሉ! በዚያች አንድ ቃል «አንተ» ቀርቶ «እርስዎ» ሆንኩ። እኔ ደግሞ፣ ጅልነቴ፣ ያን ጊዜ አክብሮት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ወሩ እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። በሳምንት አንዴ ከመጋዘን ሮጬ መጥቼ ጨዉን እለካለሁ። መለኪያው ሃይድሮሜትር ነው፤ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ የምትወዛወዝ መርፌ ያለችው ርካሹ። ጨውን በብርሃን አማካይነት የሚለካው ሬፍራክቶሜትር እንዲገዛ ጠይቄ ነበር። ያ የሚሞት ነገር ሁሉ አላቂ ነው ያለው ሰውዬ ጥያቄውን መለሰው። «ጨው ለመለካት መሣሪያ? ቅመሰው!» ብሎ።

ጨው በበዛ ቁጥር መርፌዋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ 1.025 ወይም 1.026 ላይ መቆም አለባት። በመጀመሪያው ሳምንት 1.028 አለች። አረፋ ሲጣበቅባት ወደ ላይ እንደምትንሳፈፍ አንብቤአለሁ፤ እውነትም ነው። ስለዚህ ኳ ኳ አድርጌ መታኋት። በሁለተኛው ሳምንት ወደ 1.030 ተጠጋች። አረፋ ነው አልኩ። ጠንከር አድርጌ መታኋት። በሦስተኛው ሳምንት የመለኪያው ጫፍ ላይ ሄዳ ተለጠፈች። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ የብልሽት ሪፖርት ጻፍኩበት። ሪፖርቱ እስካሁን ፋይል ውስጥ አለ። ባላነበብ ኖሮ ያየሁትን አምን ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። የቀጠለውም ነገር ቢሆን ይሄንኑ ነው የሚያሳየው፤ አሞኒያውን ለካሁ፣ ዜሮ። ናይትራይት፣ ዜሮ። ናይትሬቱም ዝቅ ያለ ስለነበር ውሃ መቀየር አያስፈልግም አልኩ። ሁሉም ቁጥር ደህና ነው።

ቀንድ አውጣዎቹ ግን ደህና አልነበሩም። መጀመሪያ መንቀሳቀስ አቆሙ። ከዚያ ከመስታወቱ እየተላቀቁ አሸዋው ላይ ተጋደሙ። አጥንት የሌላቸው ፍጥረቶች የጨው ለውጥ ከዓሣ ይልቅ ይጎዳቸዋል። ክላውንፊሾቹም ቢሆኑ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀምረዋል። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ሦስት ቀንድ አውጣ ሞተ። ውሃውን በጠርሙስ ቀድቼ ዓሦቹን ወደሸጠልን ሰው ሄድኩ።

ሰውየው ሬፍራክቶሜትሩ መስታወት ላይ ሁለት ጠብታ አደረገ። ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። አወረደው። መስታወቱን ጠርጎ እንደገና ሁለት ጠብታ አደረገ።

«43» አለ። 35 ገደማ መሆን የነበረበት ነው።

«ስንት?»

«ቀይ ባሕር እንኳ ጨዋማ ነው የሚባለው ሰሜኑ ጋ 40 አልፎ ነው። አንተ ቀይ ባሕርን አለፍከው። የሚጎድለውን በምንድን ነው የምትሞላው?»

ነገርኩት። ቶሎ አልሳቀም። ጨዋ ሰው ነው። ወደ መደርደሪያው ዞሮ አንድ የሌለ ነገር ሲፈልግ ቆየና ትከሻው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ቢሮ ስመለስ ገንዳው ሥር የተንጠለጠለውን ደብተር አወጣሁ። ደብተር እንዲያዝ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ተራ ቁጥር 9። ሃያ መስመር ተሞልቷል። ጥርት ያለ የእጅ ጽሕፈት ነው። «ግማሽ ሊትር ጨዋማ ውሃ። በመመሪያው መሠረት።» ከሥሩም «ግማሽ ሊትር ጨዋማ ውሃ። በመመሪያው መሠረት።» ሰኞ ሰኞ፣ የቅዳሜና እሑዱ ተደምሮ፣ «አንድ ሊትር ተኩል ጨዋማ ውሃ። በመመሪያው መሠረት።» አንድም ቀን አልተዘለለም። ደመርኩት፤ 14 ሊትር። ግማሽ ኪሎ ለመሙላት አሥር ግራም የቀረው ጨው ማለት ነው። ውሃው ብቻ ሲሄድ ጨው በጨው ላይ ስንከምር ከርመናል። የጎደለው መሞላት የነበረበት ከነጩ በርሜል ነው። ጨዋማው የሚያስፈልገው አሮጌ ውሃ ቀድተን አውጥተን ስንተካ ብቻ ነው።

ይሄን ሁሉ ያነበብኩት ቆሜ ነው። እትዬ ወለል እየወለወሉ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። እንዲቆጡኝ በጣም ፈልጌ ነበር።

በአንድ ጊዜ ማውረድ ደግሞ አይቻልም፤ የተረፉትንም ይገድላል። በቀን ከአንድ ግራም ብዙም ሳይበልጥ ነው። በየቀኑ ሊትር ተኩል ገደማ ጨዋማውን እየቀዳን በንጹሕ ውሃ ተካን። ስምንት ቀን ፈጀ። ቅዳሜና እሑድም ገባሁ። በሥራ ቀን ባልዲውን የሚይዙልኝ እትዬ ነበሩ። «እዚህ ጋ ያዙት እትዬ» እላለሁ። «እሺ ጌታዬ» ይሉኛል። ከዚያ ወር በፊት ጌታዬ ብለውኝ አያውቁም። ሁለቱ ክላውንፊሾችና ሁለቱ ቀንድ አውጣዎች ተረፉ።

ለሦስቱ ሟቾች የንብረት ማስወገጃ ማስታወሻ መጻፍ ነበረብኝ። ምክንያት የሚለው ክፍት ቦታ ላይ «የአያያዝ ጉድለት» አልኩ። የማን እንደሆነ ቅጹ አይጠይቅም። የፋይናንስ ኃላፊው ሲፈርም «እኔ እኮ ቅመሰው ብዬህ ነበር» አለኝ። በ35 እና በ43 መካከል ያለውን ልዩነት ምላስ ይለያል ብዬ አላምንም። ግን ያን ወር አንድ ቀን እንኳ ቀምሼ ባውቅ ኖሮ የምመልስለት አይጠፋኝም ነበር። ሬፍራክቶሜትሩን ግን በዚያው ሳምንት ፈቀደ።

መመሪያውንም አዲስ አደረግሁት። ወደ አንድ ገጽ ወረደ። ተራ ቁጥር 4 ተለወጠ፤ የጎደለ የሚሞላው ከነጩ በርሜል በንጹሕ ውሃ ብቻ። ከታች አንድ መስመር ጨመርኩ። «ጥያቄ ያለው ማንኛውም ሠራተኛ ሳያመነታ ይጠይቅ።» ኩራት ቢጤ ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ወስጄ ሰጠኋቸው።

እትዬ እንደ በፊቱ ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡት። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ቆዩ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ።

ወረቀቱን መለሱልኝ። ከሽርጣቸው ኪስ እስክሪብቶ አወጡ።

«ይሄኛውም ላይ ይፈርሙበት» አሉኝ።