12ኛ ወጥቶ ዋንጫ

ዛሬ ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅ አንድ ልጅ «ሊጉ ላይ 12ኛ የወጣ ቡድን እንዴት ሻምፒዮንስ ሊግ ይገባል?» ብሎ ጓደኛውን ያፋጥጣል። የስፔኑን ክለብ የሲቪያን የ2022/23 ዓመት ነው የሚያወራው። ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ገባሁበት።

ዓመቱ መከራ ነበር። አሰልጣኙ ሎፔቴጊ ተሰናበተ። የተተካው ሳምፓዮሊም መጋቢት ላይ ተከተለው። ከስፔን ንጉሥ ዋንጫ፣ ከኮፓ ዴል ሬይ፣ ኦሳሱና አስወጣቸው። ከዚያ ሦስተኛው አሰልጣኝ ሜንዲሊባር መጣ። በአውሮፓ ሁለተኛው ትልቅ የክለቦች ውድድር፣ በዩሮፓ ሊግ፣ ማንቸስተር ዩናይትድን በራሳቸው በሲቪያ ሜዳ 3 ለ 0 ሸኙት፣ ጁቬንቱስን በጭማሪ ሰዓት ጣሉት።

የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቡዳፔስት ላይ ከጣሊያኑ ሮማ ጋር፣ 1 ለ 1። መለያ ምት። የሲቪያው በረኛ ቦኖ የሮማውን የማንቺኒን ምት አዳነ። የሲቪያው ሞንቲኤል መጣና መታ፣ የሮማው በረኛ ሩይ ፓትሪሲዮ መለሰበት! በረኛው ግን ከመስመሩ ቀድሞ ወጥቷል፤ ይደገም ተባለ። አስቡት፣ የሳትከውን ምት እዚያው ቆመህ እንደገና መምታት። ታኅሣሥ ላይ አርጀንቲናን የዓለም ሻምፒዮን ያደረገችውን የመጨረሻ ምት ያስቆጠረው ይኸው ልጅ ነው። አሁንም አስገባ። 4 ለ 1፣ ሰባተኛ ዋንጫ። የዩሮፓ ሊግ አሸናፊ ደግሞ በቀጥታ ሻምፒዮንስ ሊግ ይገባል። ይገባቸዋልም!

እኔን የሚቆጨኝ ሜንዲሊባር ነው። በዚያው በ2023 ጥቅምት ላይ አሰናበቱት። አሰልጣኝ ላይ እንዲህ መቸኮል መቼም አይዋጥልኝም። ሰውየው ወደ ግሪኩ ኦሊምፒያኮስ ሄዶ በ2024 የአውሮፓን ሦስተኛ ዋንጫ፣ ኮንፈረንስ ሊግን፣ በላ።